በግ የማይሰማራበት ለምለም ተዳፋት

በአሜሪካ ምዕራብ፣ በአይዳሆ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ በሚገኙ ተራሮች ላይ፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ለግጦሽ የተመቹ የሚመስሉ፣ ሣር የለበሱ ሰፋፊ ተዳፋቶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከጥንት የነበሩ አይደሉም። ፎስፌት የሚባል ማዕድን ለማውጣት የተራራው ጎን ሲቆፈር፣ ከማዕድኑ ጋር ተፈንቅሎ የወጣው የማይፈለግ ድንጋይ ሸለቆ ውስጥና ተረተር ላይ ተቆልሎ፣ በዶዘር ተስተካክሎ፣ የሣርና የመኖ ዘር ተዘርቶበት የለመለመ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በእነዚህ ቁልሎች ላይ ተሰማርተው የጋጡ በጎች በተለያየ ጊዜ በመቶዎች ሞተዋል።

እኔ ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ፣ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ቤተሰብ ዓይኑን ወደ በጎቹ በሚያዞርበት አገር ነው። የመንዝ በግ ለእኛ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩ ተፈትሎ በርኖስና ባና ሆኗል፣ እሱ ተሸጦ የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ ተከፍሏል። ስለዚህ የአይዳሆን ታሪክ የመንግሥት ተቋማት ባወጧቸው ዘገባዎች ውስጥ ሳነብ፣ ስለ ሩቅ አገር ብክለት እንደሚያነብ ሰው አልሆንሁም። በለመለመ መሬት ላይ የወደቀ መንጋ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም ያ ተራራ የተከፈተው ለዚያው እኛ ክረምት በገባ ቁጥር በኬሻ ተሸክመን ወደ ማሳ ለምንወስደው ነገር ነው፤ ከፎስፌት ለሚገኘው የማዳበሪያ ፎስፈረስ።

ተራራው እንዴት እንደተቆፈረ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነውና። በአይዳሆና በአጎራባች ግዛቶች የሚገኘው የፎስፌት ድንጋይ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፣ አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ ሳለ፣ ከባሕሩ ወለል ላይ በዝግታ የተነጠፈ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህን ንጣፍ ፎስፎሪያ ብለው ይጠሩታል። በኋላ መሬቱ ሲታጠፍና ሲነሣ፣ ጠፍጣፋ የነበረው ንጣፍ ጋደል ብሎ ከተራራው ጎን ጋር አብሮ ቆመ። ማዕድን አውጪዎቹ ይህን ያዘነበለ ንጣፍ ተከትለው ስለሚቆፍሩ፣ ጉድጓዶቻቸው በተራራው ወገብ ላይ የሚሄዱ ረጃጅምና ጠባብ ቦዮች ናቸው። ሀብታሙ ፎስፌት በሁለት ደረጃ ይገኛል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በሁለቱ መካከል ሼል የሚባል፣ ጥቁር፣ ስስ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቅ ድንጋይ አለ። የታችኛውን ፎስፌት ለማግኘት ይህን መካከለኛ ጥቁር ድንጋይ ማንሣት ግድ ነው። ለገበያ ስለማይሆን ይጣላል።

ጥቁሩ ድንጋይ በዚያ ጥንታዊ ባሕር ውስጥ የሞቱ ሕያዋን ብስባሽ ያለበት ነው። ጥቁረቱም ከዚያ የመጣ ነው። እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎ ይፈረካከሳል፣ አፈር መምሰል ይችላል። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተቆፈረ ተራራ መልሶ አረንጓዴ መሆን አለበት የሚል ግዴታ እየጠነከረ ሲመጣ፣ ባለሙያዎቹ ዘር የሚይዝ መሬት ፈለጉ። ደረቁና ጠጣሩ ድንጋይ ዘር አያበቅልም፤ ጥቁሩ ግን ያበቅላል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ይህ ድንጋይ ከቁልሉ ላይ፣ ለፀሐይና ለዝናብ ቅርብ በሆነው ክፍል ተነጠፈ፤ በላዩም ሣርና አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ ተዘራ። ዘሩ ያዘ። ተዳፋቱ አረንጓዴ ሆነ። በወረቀት ላይ ያ መሬት እንዳገገመ ተቆጠረ።

ያልታየው ነገር ሴሌኒየም ነው። ሴሌኒየም እንስሳትም ሰዎችም በእጅጉ ጥቂት የሚያስፈልገን ንጥረ ነገር ነው፤ ሲያንስ የግልገልና የጥጃ ጡንቻ ይታመማል፣ ሲበዛ ይመርዛል። በመኖ ውስጥ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ ለከብት አደገኛ መሆኑ ሲነገር የኖረ ነው። በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ የነበረው ሴሌኒየም ከመሬት በታች አየር ሳያገኘው እስከቆየ ድረስ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ተፈጭቶ አየርና ውኃ ሲያገኘው ግን በውኃ የሚሟሟ መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ ዝናቡ ወደ ምንጭ ያወርደዋል፣ የተክሉ ሥር ወደ ቅጠል ያወጣዋል። አልፋልፋ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከታች ካለው ድንጋይ ጭምር ይስባል። ከዱር ተክሎች መካከል ደግሞ ሴሌኒየምን በገፍ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ አሉ፤ እነዚህም ቁልሎቹ ላይ በራሳቸው ጊዜ በቀሉ።

ነገሩ በይፋ የታወቀው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1996 ነው። ሳውዝ ሜይቢ ካንየን ከተባለው ማዕድን ማውጫ በታች ባለ ሸለቆ ሲግጡ የነበሩ ፈረሶች ታመሙ፤ ምርመራው የሴሌኒየም መመረዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ መርዝ ቀስ እያለ ሲይዝ የፈረስን ጋማና ጭራ ያረግፋል፣ ሰኮናውን ይሰነጥቃል፣ በመጨረሻም ያሽመደምዳል። ማውጫው በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ማሽኑ ከሄደ፣ ሠራተኛው ከተበተነ ዓመታት አልፈዋል። ትርፍ ድንጋዩ ግን ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ እንደተቆለለ ነበር፤ ጅረቱም ከሥሩ እንዲያልፍ ተብሎ ትልልቅ ድንጋይ በተነጠፈበት መውረጃ በኩል፣ በቁልሉ ሆድ ውስጥ ሴሌኒየሙን እያጠበ ይወጣል። ያ ውኃ ወደ ሌላ ጅረት፣ ከዚያም ብላክፉት ወደሚባል ወንዝ ይወርዳል። ከፈረሶቹ በኋላ የበጎቹ ሞት መጣ፤ ቀጥሎም ዓሣው፣ የጅረቱ ዝቃጭ፣ የአእዋፉ እንቁላል ሁሉ መመርመር ጀመረ።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ነገርሁት። አጎቴ ዕድሜውን በሙሉ በግ ያረባ ሰው ነው፤ ማዕድን ስለሚባል ነገር ብዙም ግድ የለውም። ሰምቶኝ ሲያበቃ የጠየቀኝ ስለ ኩባንያው ወይም ስለ ፍርድ ቤቱ አልነበረም።

«እረኞቹስ?» አለኝ። «ሣሩን ሲያዩት አልጠረጠሩም?»

«አረንጓዴ ነበር፣ ጋሼ። የተዘራ መኖ ነው። ምን ብለው ይጠርጥሩ?»

«አረንጓዴ ሲሆን ነው እንጂ የሚጠረጠረው፣ ልጄ» አለ። «ጨፌው ላይ ያለውን አታውቀውም?»

ያለው እውነት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በጋ ሲጠና ሣር የሚገኘው በረግረጉ፣ በጨፌው ነው፤ የጉበት ትልም የሚገኘው በዚያው ነው፤ ትሉን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ እርጥብ ቦታ ይወዳልና። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ማገጥ የሚባለው የመስክ መኖ ከለመለመ፣ ጤዛው ሳይረግፍ የተሰማራ በግ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ስለዚህ የእኛ አገር እረኛ የትኛው ለምለም መቼ እንደሚገድል ያውቃል፤ ዕውቀቱም ከትውልድ ትውልድ የመጣው በከብት ሞት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጨፌውና ማገጡ ጥንትም የነበሩ ናቸው፣ ሰው ሊለምዳቸው ጊዜ አግኝቷል። በአይዳሆ ያለው ተዳፋት ግን ትናንት በዶዘር የተሠራ መሬት ነው። ስለ እሱ የሚያውቅ አያት የለም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት እንኳ አይሠራለትም፤ እዚያ ገደሉ ያለው ሣሩ ውስጥ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ነው በማዕድን ጉዳይ ላይ ሐሳቤ የተለወጠው። እኛ አንድ ተራራ ሲቆፈር ጉዳቱን የምንለካው በጉድጓዱ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚነሣው ጉድጓዱ ነው፣ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። በእኔ እምነት ግን ከጉድጓዱ ይልቅ የሚያስፈራው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠው ነው። ጉድጓድ ባለበት ይቆያል። ቁልል ግን ከዝናብ ጋር ይሄዳል፣ ከሣር ጋር ይበላል። የትኛው ድንጋይ ከላይ፣ የትኛው ከታች ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ደግሞ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የጭነት መኪናው ሹፌር «የት ልድፋው?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥገና ነው።

ይህንንም አይዳሆ ራሱ አስተምሯል። ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚከፈቱ ማውጫዎች ጥቁሩን ድንጋይ ለይተው በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ መልሰው ይቀብሩታል፣ በላዩ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ወይም ሴሌኒየም የሌለው ጠጣር ድንጋይ ይነጥፋሉ፣ መጀመሪያ ተገፍቶ ለብቻው የተቀመጠውን የላይ አፈር በመጨረሻ ይመልሳሉ፤ አልፋልፋም ከዘር ዝርዝሩ ወጥቷል። ቀድሞ የተቆለሉትን ማስተካከል ግን እስካሁን አላለቀም። ሥራቸውን ካቆሙ ብዙ አሥርት ዓመታት ያለፏቸው ማውጫዎች ዛሬም በጥናትና በጽዳት ላይ ናቸው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2011 የአይዳሆ ፌዴራል ፍርድ ቤት በአንድ ማዕድን አውጪ ኩባንያና በመንግሥት መካከል በነበረ ክርክር፣ መሬቱን ያከራየውና የቁልሉን አሠራር ያጸደቀው መንግሥት ራሱም የጽዳቱ ባለዕዳ መሆኑን ወስኗል። ይህ ውሳኔ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ድንጋዩ የት እንደሚደፋ ሲፈቅድ የነበረ አካል፣ በኋላ ተመልካች ሆኖ ሊቆም አይገባውም።

በዚያው ግዛት ጌይ የሚባል ሌላ ክፍት ማውጫ አለ፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1993 የተቆፈረው በፎርት ሆል፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለሆኑት ለሾሾኒና ለባኖክ በተከለለላቸው መሬት ላይ ነው። እነሱ መሬታቸው ለእርሻ ማዳበሪያና ለፋብሪካ ፎስፈረስ ተቆፍሮ፣ ከሥራው በኋላ ጉድጓዱና ቁልሉ ቀረላቸው። የቆፈረው ይሄዳል፤ የሚቀረው በግ የሚያሰማራው ነው።

ወደ እኛ ማሳ ልመለስ። በኢትዮጵያ የምንጠቀምበት የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከአይዳሆ አይመጣም፤ በአብዛኛው ከሞሮኮ ነው፣ በዓለም ከሚታወቀው የፎስፌት ክምችት 70 በመቶ ያህሉ ያለው እዚያ ነውና። ዳፕ የምንለውን የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከ10 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ኤንፒኤስ የሚባለው ተክቶት ነበር፤ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ በፎስፌት መልክ የሚለካ ፎስፈረስ፣ 7 በመቶ ድኝ ያለው። ስለዚህ አንድ ገበሬ ከማኅበሩ 50 ኪሎ የኤንፒኤስ ኬሻ ሲያወጣ፣ 19 ኪሎ ያህሉ ከአንድ ቦታ የተቆፈረ ፎስፌት ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኩባንያ ጋር በድሬዳዋ የ3.7 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተደርጓል። ይህኛው የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ፎስፈረስ እንደማይሰጥ ማስታወስ ያስፈልጋል። ናይትሮጅን ከአየርና ከጋዝ ይሠራል፤ ፎስፈረስ ግን መሬት ካልተከፈተ አይገኝም። በአገራችን በምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ አጠገብ፣ ቢቂላል በሚባለው ቦታ ፎስፌት ያለበት ድንጋይ አለ፤ መጠኑ በድንጋዩ ውስጥ አነስተኛ ስለሆነ ለጥቂት ማዳበሪያ ብዙ ድንጋይ መፍጨትን ይጠይቃል፤ ብዙ ድንጋይ ማለት ደግሞ ብዙ ቁልል ነው።

አያቶቻችን ፎስፈረስን ያገኙት በእሳት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ለረጅም ዓመታት ጦም ያደረ መሬት ከታረሰ በኋላ፣ አፈሩ ከነሥሩ እየተከመረ፣ በውስጡ ኩበት እየተለኮሰ፣ ቀናት ሙሉ ሲጤስ ይቆያል፤ ጋይ ይባላል። ከዚያ ቀይ የሆነው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል፣ የመጀመሪያው ዓመት ምርትም ጥሩ ይሆናል። የአፈር ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስ ለሰብል የሚደርስ ያደርገዋል፤ በዚያው ልክ የአፈሩን ብስባሽና ናይትሮጅን ያጠፋል፣ ስለዚህም መሬቱ ከጥቂት አዝመራ በኋላ እንደገና ለዓመታት ማረፍ ይኖርበታል። ሰው በበዛበትና መሬት በጠበበበት ዘመን ይህ የማይቻል ሆኗል።

ኩበቱን በተመለከተ ግን ገና እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ግን አይነድም፣ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከማሳ ሣሩ በከብት ሆድ ወደ በረት ይመጣል፣ ከበረት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ አመድ መድፊያው። የጓሮው ጎመን ለምን እንደዚያ እንደሚያምር፣ ሩቁ ማሳ ለምን እንደሚከሳ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላሻኝም። በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ የሚሸጠው ኩበት ደግሞ አመዱም አይመለስም። እናቶቻችን ኩበት የሚጋግሩት ሌላ ማገዶ ስለሌላቸው እንጂ የማሳውን ጥቅም ስለማያውቁ አይደለም፤ ጥፋቱን በእነሱ ላይ የሚጭን ምክር ስሰማ እቆጣለሁ። አመዱን ለይቶ ወደ ማሳ መመለስ ግን ማገዶውን አይነካባቸውም፤ አሲዳማ ለሆነ አፈርም ጥሩ ነው።

አሲዳማ አፈር ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ በዚህ ዓይነት አፈር ውስጥ የተጨመረው ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። በውድ ዋጋ ተገዝቶ፣ ከሩቅ አገር ተራራ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ነገር እዚያው ማሳው ላይ ይታሰራል። የሚፈታው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ይሠራል። የኖራ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ ሞልቷል፤ ባዝልት ከሚባለው የደጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች፣ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ በቆረጧቸው ገደሎች ውስጥ፣ ከአሸዋ ድንጋዩና ከጂፕሰሙ ጋር ተነባብሮ ይታያል።

እነሆ አሁን የእኛም ተራራ እየተከፈተ ነው። በእንሳሮ ወረዳ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። ይህ ለአካባቢው ሥራ ነው፣ ለአገርም የሚያስፈልግ ነው፤ እኔ ፋብሪካው ባልኖረ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የኖራ ድንጋይም እንደ አይዳሆው ጥቁር ድንጋይ ሴሌኒየም የሚያፈስ ዓይነት ድንጋይ አይደለም፤ ሁለቱን ማመሳሰል ሰውን በከንቱ ማስፈራራት ይሆናል። የጀማ ገደል ግን አንድ ዓይነት ድንጋይ ብቻ አይደለም። ከኖራው በላይና በታች ሌሎች ንጣፎች አሉ፤ ሸክላ የበዛባቸው፣ ጂፕሰም ያለባቸው፣ የሚፈረካከሱ። ለኖራው ሲባል የሚገፋው የትኛው ነው? የት ይደፋል? ከቁልሉ በታች ያለው ምንጭ የማን በግ የሚጠጣበት ነው?

በአካባቢያችን ለሚቆፈር ማንኛውም ቦታ፣ ሲሚንቶም ሆነ ጠጠር፣ ጂፕሰምም ሆነ ኦፓል፣ የምጠይቀው ይህን ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በሕጋችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተደንግጓል። በዚያ ግምገማ ውስጥ እያንዳንዱ የሚነሣ ንጣፍ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ለቀበሌው ሰው በሚገባው አማርኛ ይነገር። የላይ አፈሩ ከሁሉ በፊት ተገፍቶ ለብቻው ይከመር፤ ከድንጋይ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አፈር አፈር አይሆንም። የትኛው ድንጋይ የት እንደተደፋ የሚያሳይ ካርታ ከኩባንያው መዝገብ ሌላ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይቀመጥ፤ ኩባንያው ሲሸጥ፣ ሲዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር የሚቀረው የወረዳው መዝገብ ነውና። ቁልሉ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ፣ ሣሩ ራሱ ሳይመረመር «አገግሟል» ተብሎ ለግጦሽ አይፈቀድ።

ለአጎቴ ይህን ዝርዝር ሳነብለት አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከላቦራቶሪው በፊት እረኞቹ ይጠየቁ አለ፤ የትኛው ምንጭ ከብት እንደሚያሳምም፣ የትኛው ተዳፋት ላይ በግ እንደማይወልድ፣ ከቁፋሮው በፊት የነበረውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልክ ነው። ከቁፋሮው በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ለመለካት ቀድሞ የነበረው መመዝገብ አለበት፤ በአይዳሆም የጎደለው አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው በጋ፣ የአካባቢያችን ጠጠር ማውጫ ሳይሰፋ፣ ከእሱና ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆነን በተዳፋቱ ሥር ያሉትን ምንጮች በስማቸው፣ በሚጠጣባቸው መንጋና በሚደርቁበት ወር ለመመዝገብ ተስማምተናል።